ጽድቅና ትርፍ በአንድ ጆንያ

አቶ ይልቃል በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወረታ ከተማ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያዩበት ቦታ ቆሞ የመኪና ታርጋ ያነባል። ሩዝ የጫኑትን አይሱዙዎች አያያቸውም። አውቶቡስም አያይም። የሚጠብቀው የእርዳታ ድርጅት ወይም የኤምባሲ ታርጋ የለጠፈ ነጭ ላንድክሩዘር ነው። እንዲህ ያለ መኪና ለመታጠፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ አቶ ይልቃል የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፤ መኪናው ሳይቆም ሲያልፍ ቁልፉን ይፈታና ወደ ቢሮው ይሄዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ላንድክሩዘር ቆሞለታል። ጎማው ተንፍሶ ነበር።

መንገድ የሚገናኝበት ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አያጣም። ገንዘብ ያለውን ሐሳብ ካለው ሳላገናኝ አልሞትም ብሎ የማለ ሰው ነው። ራሱ ገንዘብ የለውም፤ ሐሳቡም ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ደላላ እንዳትሉት፣ ደላላ ኮሚሽን ይቀበላል። ካድሬ እንዳትሉት፣ ካድሬ አበል ይቀበላል። እሱ ከማንም ምንም አይቀበልም፤ ስለዚህም ማንም አያምነውም።

የእኛው ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የወረዳ ባለሙያ ነው። እኔ ደግሞ ከደሴ የመጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። በአንድ ግቢ ተከራይተን ስለምንኖር፣ በሚሌኒየሙ ዓመት ባሕር ዳር አምስት ቀን ሠልጥኖ የተመለሰ ዕለት በሩን መጀመሪያ የከፈትኩለት እኔ ነበርኩ። ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረ።

«መምህር፣ ባለሀብት ምን ይፈልጋል? ትርፍ። ለጋሽ ምን ይፈልጋል? ጽድቅ። አሁን ግን ሦስተኛ ዓይነት መጥቷል። ሁለቱንም የሚፈልግ! ጽድቅና ትርፍ በአንድ ጆንያ! ገንዘቡን ለድሃው ሥራ ያውለዋል፣ ድሃው ይለወጣል፣ እሱም ያተርፋል። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?»

አላውቅም አልኩት።

«የሚገናኙበት ገበያ! ገንዘብ ያለው ናይሮቢ ተቀምጧል፣ ሐሳብ ያለው ፎገራ ተቀምጧል። ዋናው ትስስሩ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ቃል ሳይናገር የዋለበትን ቀን አላስታውስም። መብራት ሲጠፋ፣ «ዋናው ትስስሩ ነው» ይላል። ባጃጅ ቦይ ውስጥ ሲገባ ከሚጎትቱት ጋር ሆኖ ይህንኑ ይላል። አንድ ጊዜ የጎረቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ ሊያስታርቅ ገብቶም ይህንኑ አለ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ከደመወዙ ቆጥቦ ሰሌዳ አሠራ። «የጣና ዙሪያ ማህበራዊ ኢንቨስትመንትና በጎ ሥራ ፈጣሪዎች የገበያ ትስስር መድረክ» የሚል ነው። ጣውላው ስላልበቃ «መድረክ» የሚለው ቃል በሌላ ጣውላ ተጽፎ ከታች ተንጠለጠለ፤ ነፋስ ሲነፍስ እሱ ብቻውን ይወዛወዛል። ከተማው ይህን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ ስላልነበረው ሰውየውን «ክቡር ትስስር» ብሎ ጠራው። አልተቀየመም። እንዲያውም በዚሁ ማዕረግ ሲጠሩት ከልቡ አቤት ይላል፤ ባርኔጣውን አንሥቶ።

ገበያው የተከፈተው በእርግጥም ገበያ ውስጥ ነው። በገበያ ቀን፣ በጨው ነጋዴዎችና በሽንኩርት ነጋዴዎች መካከል ጠረጴዛ ዘረጋ፤ ሁለት ወንበር አስቀመጠ፤ አንዱ ለባለሀብት፣ አንዱ ለባለ ሐሳብ። የባለሀብቱ ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ቀኑን ሙሉ ጠበቀው። በሌላኛው ወንበር ላይ እስከ ቀትር ድረስ አሥራ አራት ሰዎች ተቀምጠው ተነሡ። ጠረጴዛ፣ ወረቀትና ኮት የለበሰ ሰው ያዩ ሁሉ ማመልከቻ ጻፊ መስሏቸው የድንበር ክርክራቸውን ይዘው ነው የመጡት። አሥራ አራቱንም ጻፈላቸው።

ከቀትር በኋላ አለኸኝ የሚባል ገበሬ አንዲት የፎገራ ላም እየሳበ መጣ።

«ባለሀብቱ የታለ? ላሟን ይያት።»

አቶ ይልቃል ተነሥቶ በእርጋታ አስረዳው። ባለሀብቱ ላሟን አይገዛም። ገንዘብ ያወጣል፣ አለኸኝ ላሟን ያረባል፣ የሚገኘውን ይካፈላሉ፣ አለኸኝም ከድህነት ይወጣል።

አለኸኝ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሰማው። «ታዲያ ይኸ የርቢ ከብት ነዋ!» አለ። «ያለው ለሌለው ላም ይሰጣል፣ የሌለው ያረባል፣ ጥጃውን ይካፈላሉ። አያቴም በርቢ ነው የኖረው። ይኸን ለማወቅ ባሕር ዳር ድረስ ሄዱ?»

የጨው ነጋዴዎቹ ሳቁ። አቶ ይልቃል ግን ወረቀት አውጥቶ «ርቢ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ማታ ቤት ስንገባ ልዩነት አለው አለኝ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ርቢ ሰነድ የለውም» አለ።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ከተማው ስቆ ይተወው ነበር። ወይዘሮ እማዋይሽ ግን አመነችው።

እማዋይሽ ርብ ወንዝ ዳር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ሩዝ የምታመርት ሴት ናት። እሷና አሥራ አንድ ጎረቤቶቿ በየታኅሣሡ ሩዛቸውን ከነገለባው ለነጋዴው ለካሴ ይሸጣሉ። ካሴ መንገድ ዳር ባለው መፈልፈያው ፈልፍሎ፣ ነጭ ሩዝ አድርጎ ጎንደር ይወስደዋል። በሴቶቹና በነጩ ሩዝ መካከል ያለው አንድ ማሽን ነው። ማሽኑ ደግሞ የካሴ ነው።

አቶ ይልቃል በ2002 ታኅሣሥ፣ «ዘንድሮ አትሽጡ» አላቸው። «ባለሀብት ባዶ መጋዘን አይቶ ገንዘብ አያወጣም። ሩዙን በአንድ ላይ አከማቹ። አይቶ መፈልፈያ ይተክልላችኋል፣ ነጩን ራሳችሁ ትሸጣላችሁ፣ ድርሻውን ይወስዳል።» አሥራ ሁለቱ ሴቶች ተመካከሩ። ከዚያም ሰማንያ አራት ኩንታል ሩዝ እማዋይሽ ቤት አጠገብ በጭቃ በተሠራ መጋዘን ውስጥ ቆለሉና መጠበቅ ጀመሩ። የዓመት ኑሯቸው ነው የተቆለለው። ርብ በሐምሌ ይሞላል። ሞልቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ መጋዘን ጋ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ ሰባት ወር ነው።

ካሴ ነገሩን ሰምቶ አልተቆጣም። አቶ ይልቃል በየስብሰባው «ኪራይ ሰብሳቢ» እያለ ስሙን ሳይጠራ የሚጠራው ሰው እሱ መሆኑን ያውቃል። «ይጠብቁ» አለ። «እኔም እጠብቃለሁ። የኔ መጋዘን ሲሚንቶ ነው።»

ጥር አለፈ። የካቲት አለፈ። አቶ ይልቃል ሠላሳ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ እንግሊዝኛውን እኔ አረምኩለት። በሚያዝያ ማለቂያ ናይሮቢ ከሚገኝ አንድ ድርጅት መልስ መጣ። በግንቦት አጋማሽ አንዲት ባልደረባቸው መጥታ የአሥራ ሁለቱን ሴቶች ማህበር ታያለች። ደብዳቤው በግልጽ ሁለት ነገር ይላል፤ ገንዘባችንን የምናውለው ጉድለት ላለበት ነው፤ ደግሞም ሊያተርፍ ለሚችል።

አቶ ይልቃል ሦስት እሑድ ሴቶቹን ሰብስቦ አለማመዳቸው። ራሱ እንግዳ ይሆንና በበሩ ይገባል።

«ምን ይጎድላችኋል?»

«መፈልፈያ የለንም! ጎርፍ ያሰጋናል!» ይላሉ አሥራ ሁለቱም።

«ብትሠሩ ታተርፋላችሁ?»

«እናተርፋለን! አምናም አትርፈናል!»

«ስንት?»

ስንት እንደሆነ በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። በሦስተኛው እሑድ እንደ ወረብ ተዋጣላቸው። ከመካከላቸው ትንሿ ውባንቺ የምትባለው እሱን አስመስላ ኮት እየቆለፈች ስትገባ ሁሉም በሳቅ ወደቁ፤ እሱም ሳቀ። ያን ቀን ስንመለስ፣ «መምህር፣ አለቀ» አለኝ።

ሁለት ነገር ረስቶ ነበር። እኔም ረስቼ ነበር፤ ሁለታችንም ከሌላ አገር መጥተናል የሚል ሰበብ እንዳላቀርብ እንኳ በደሴም በደብረ ብርሃንም ወጉ ያው ነው። እንግዳ ፊት ጉድለት አይነገርም። ብዕር የያዘ ሰው ፊት ደግሞ ትርፍ አይነገርም።

እንግዳዋ የመጣችው ማክሰኞ ቀን ነው። ወጣት፣ ትሑት፣ በጥንቃቄ የምትራመድ ኬንያዊት ናት። ሴቶቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። በግ ታርዷል። መጋዘኑን ሳየው ደነገጥኩ። ባለፈው ክረምት ውሃው እስከየት እንደደረሰ ግድግዳው ላይ በጉልህ የሚታይ ምልክት ነበር፤ አቶ ይልቃል ለእንግዳዋ ሊያሳያት ያሰበው ዋናው ማስረጃው ነው። ሴቶቹ ማታውን በእበት መርገውት፣ በነጭ አፈር ለቅልቀውት አደሩ። እንግዳ በቆሸሸ ግድግዳ አይቀበሉም።

እንግዳዋ ተቀመጠች፤ በላች፤ አመሰገነች። ከዚያ ጠየቀች፤ እኔም ተረጎምኩ። «ምን ይጎድላችኋል?»

እማዋይሽ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። አቶ ይልቃል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መልሱን አብሯት ሊል ተዘጋጀ።

«ተመስገን» አለች እማዋይሽ። «ምን ጎድሎብን! እንኳን በደህና መጣሽ፣ ልጄ። ቤትሽ ነው።»

አሥራ አንዱም ሴቶች «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ።

አቶ ይልቃል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መፈልፈያ የለንም በላት!» አለኝ። እኔ ግን የተባለውን ነው የተረጎምኩት። አስተርጓሚ የተባለውን ይተረጉማል ብዬ ነው። ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ነበር።

እንግዳዋ ደስ አላት። ነጩን ግድግዳ እያየች ውሃ እዚህ ይደርስ እንደሆን ጠየቀች። «እግዜር ይጠብቀናል» አሏት። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች፤ ብዕሯንም አወጣች። ሴቶቹ ብዕሩን አዩ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«አምና ምን ያህል አተረፋችሁ?»

«ኧረ ምን ትርፍ አለ!» አለች ውባንቺ ቀድማ።

«ከስረናል» አለች ሌላዋ።

«ሩዝ ምኑ ይተርፋል፣ ድካም ነው እንጂ።»

አቶ ይልቃል እጁን እያወዛወዘ፣ «የግብር አይደለም! የግብር ሰው አይደለችም!» አላቸው። ይህን ሲል ይባስ ብሎ ግብርን ያላሰቡት ሁሉ ነገሩ የግብር መሆኑን ተረዱ። አንዷ የሞተ በሬ ነበራት፤ አንዷ የታመመ አማት ያለው ባል ነበራት። እኔ ሁሉንም ተረጎምኩ፤ እንግዳዋ ሁሉንም ጻፈች።

በመጨረሻ ደብተሯን ልትዘጋ ስትል ወደ አቶ ይልቃል ዞረች። «የእርስዎ መድረክስ? ለዚህ ሥራ ምን ይጎድልዎታል?»

ይህ ሰው ለሰሌዳው ጣውላ ያልበቃው፣ የደብዳቤ መላኪያ ከደመወዙ የሚከፍል፣ ጫማው ውስጥ ካርቶን የሚያስገባ ሰው ነው። ኮቱን ቆለፈ። ራሱን በትሕትና ዝቅ አደረገ።

«ምንም አይጎድለንም» አለ። «ዋናው ትስስሩ ነው።»

መልሱ የመጣው በሰኔ ማለቂያ ነው። አራት መስመር ነው። ማህበሩ ጉድለት የሌለበት ሆኖ በማግኘታችን ተደስተናል፤ ትርፍ የሌለው በመሆኑ ግን አዝነናል፤ ስለ መልካም አቀባበላችሁ እናመሰግናለን። አቶ ይልቃል ሁለት ጊዜ አነበበው። እንደ ልማዱ ስለ ትስስር ይናገራል ብዬ ስጠብቅ፣ ወረቀቱን አጥፎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ዝናቡ ከጀመረ ሳምንት ሆኖት ነበር።

በማግስቱ ካሴ ጋ አብሬው ሄድኩ። ካሴ መፈልፈያው አጠገብ፣ ቅንድቡ በገለባ ብናኝ ነጥቶ፣ በርሜል ላይ ተቀምጧል።

«ክቡር ትስስር!» አለ ሳይነሣ። «ዛሬ ደግሞ እኔን ከማን ጋር ሊያስተሳስሩኝ ነው?»

«ሩዙን አውጣልኝ» አለ አቶ ይልቃል። «መንገዱ ሳይዘጋ።»

«የታኅሣሡ ዋጋ አሁን የለም።»

«አውቃለሁ።»

«እርጥበትም ገብቶታል። ሲፈለፈል ይሰባበራል።»

«አውቃለሁ።»

«ስብሰባ ላይ ኪራይ ሰብሳቢ ብለውኛል።»

«ብያለሁ።»

«አሁንስ ምን ይሉኛል?»

አቶ ይልቃል ዝናቡን አየ። «አሁን መኪናህን ነው የምፈልገው» አለ።

ካሴ ሳቀ። ከበርሜሉ ላይ ወርዶ ልብሱን አራገፈ። «ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ ነው ነገሩ» አለ። «ይምጡ። ሁለት አይሱዙ አለኝ። የማወጣው ግን በኔ ዋጋ ነው።»

ዋጋው የታኅሣሡን እኩሌታ አይሞላም ነበር። ሴቶቹ አልተከራከሩም። ሰማንያ አራቱን ኩንታል ከጭቃው መጋዘን እስከ ጠንካራው መንገድ ድረስ በሰው ጀርባ ማድረስ ነበረብን፤ መኪናው ወደ ውስጥ ሊገባ አልቻለም። አቶ ይልቃል ኮቱን አውልቆ ለእማዋይሽ ሰጣት። ሸክም እንደማያውቅ ያስታውቃል፤ ጆንያውን እንደ ሕፃን ነው የሚያቅፈው። ሦስት ጊዜ ወደቀ። የካሴ ወዛደሮች መጀመሪያ ሳቁበት፤ በኋላ ሲወድቅ ያነሡት ጀመር። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በአምስተኛው ቀን ርብ መጣና መጋዘኑን ወሰደው። ነጭ የተለቀለቀው ግድግዳ ውሃው መሐል የቆመው አንድ ቀን ብቻ ነው።

የዚያን ዘመን ሰዎች ሁላችን ግለ ሂስ እናውቃለን። ስብሰባ ላይ ተነሥተህ «ተነሣሽነት ይጎድለኛል» ትላለህ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ትቀመጣለህ። እኔ ራሴ አራት ጊዜ ተነሣሽነት ጎድሎኛል። አቶ ይልቃል ግን ያ ውሃ ጎደል ሲል፣ ማንም ሳይጠራው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ አሥራ ሁለቱንም ቤት ዞረ። በየቤቱ የሚለው አንድ ነው። «ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» አንዷ በሯን አልከፈተችም። አንዷ ውሻዋን አላሰረችም። ውባንቺ፣ «አፈር ብላ! በአንተ ወሬ ነው ልጆቼ የሚራቡት!» ብላ ተቆጣችው። ተቆጥታ ስትጨርስ እግሩ ሲደማ አይታ ውሃ አመጣችለት።

የእማዋይሽን ቤት የደረሰው በመጨረሻ ነው። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ኮቱን ልቀበል ሄጄ።

«ዝናቡን አንቱ አላመጡት» አለችው።

«አትሽጡ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ጎድሎብን ያልኩትስ? አንቱ ነዎት ያስተማሩኝ? ሦስት እሑድ ሌላ አስተምረውኝ አልነበረም?» አለችና ሳቅ አፈናት። «ልጅቷ አገር አቋርጣ መጥታ፣ ገና እህል ሳትቀምስ፣ ድህነቴን ፊቷ ልዘርግፈው? አንቱስ ተጠይቀው የለ? ምን አሉ?»

አቶ ይልቃል ወደ እኔ አየ። የተባለውን ማስታወስ የእኔ ሥራ ነበረ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ የሰማሁትን ሁሉ ረሳሁ አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት አቅልዬ አላየውም። አሥራ ሁለት ቤት በዚያ ክረምት ዕዳ ገብቷል፤ ሁለት ቤት ላም ሸጧል። ወረታ ውስጥ ስሙ ሲነሣ ዛሬ የሚስቁት ጥቂቶች ናቸው። ሰሌዳውን አውርድ ብሎ ቢሮው መክሮታል፤ የታችኛውን ጣውላ አውርዷል።

ዘንድሮ በታኅሣሥ ሩዙ ሲታጨድ አሥራ አንዱ ሴቶች እዚያው ዐውድማ ላይ ለካሴ ሸጡ። እማዋይሽ ሰባት ኩንታሏን አልሸጠችም። ቤቷ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ጭናዋለች። አቶ ይልቃል በመጋቢት የሚመጣ እንግዳ አለ ብሏታል። የደሴ ዝውውሬ ለየካቲት ተፈቅዶልኝ ነበር፤ እስከ ሰኔ እንዲቆይልኝ አመልክቻለሁ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።